የፔጆዋን የኋላ እግር የቀየርን ጊዜ

1

ዳዶው እምቢ አለ።

ኡስታ ረመዳን ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ የመፍቻውን እጀታ በቧንቧ ቁራጭ አስረዝሞ፣ አንድ እግሩን ከግንቡ ጋር አስደግፎ ሳበ። እምቢ። ናፍጣ አጠጣው፣ ሄዶ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ፣ ሳበ። እምቢ።

«አስካለ» አለኝ ከሥር። ፊቱ አይታየኝም፤ የሚታየኝ የጫማው ሶል ብቻ ነው። «ይቺ መኪና ቁርጥ አንቺን።»

«እንግዲያው በጉልበት አትሞክራት። አሙቃት።»

በእሳት አሞቀው። ዳዶው ለቀቀ።

«ይህን ዘዴ ባልሽ መርዕድ ያውቀዋል?» አለ እየሳቀ።

«አቦ ሥራህን ሥራ!»


2

ከመሃል ጀመርኩ። ምን ላድርግ፣ ለእኔ ነገሩ የጀመረው ያ ዳዶ ሲለቅ ነው። ከዚያ በፊት ወሬ ብቻ ነበር። ዳዶው ከለቀቀ በኋላ ግን መኪናዋ እግር የላትም፤ ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት አይቻልም።

አስካለ እባላለሁ። ድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ባለው የጋራዦች ሰፈር የመኪና ወንበር ልብስ እሰፋለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። አንዱን ነገር ከሌላው አያይዞ መጻፍ የሚያስተምሩበት ክፍል ሳልደርስ የቀረሁ መሰለኝ። ስለዚህ በማውቀው መንገድ ነው የምጽፈው፤ ረመዳን ዕቃ በሚፈታበት መንገድ።

ረመዳን መኪና ሲፈታ መሬት ላይ ጆንያ ያነጥፋል። የፈታውን በፈታበት ተራ ይደረድራል፣ በጠመኔ ቁጥር ይጽፍበታል። ሲገጥም ከመጨረሻው ይነሳል። ያንን ጆንያ ማንም ተራምዶ አያልፍም። ደንበኛም ይሁን ፖሊስ ዞሮ ነው የሚያልፈው። አንድ ቀን ፍየል ረግጣበት ሄደች። ረመዳን ገጥሞ የጨረሰውን ሥራ እንደገና ፈታው፤ «አንድ ነገር ሳትውጥ አትቀርም» ብሎ።

እናንተም አትራመዱብኝ። በቁጥሩ ኑ።


3

መኪናዋ ፔጆ 404 ናት። ታክሲ ነበረች። ባሌ መርዕድ እሷን ያገኘው ከእኔ በፊት ነው፤ ተጣልተን ሲያኮርፍ የሚያድረው እሷ ውስጥ ነበር። ስለዚህ እኔና እሷ እንደ ጣውንት ነው የኖርነው። አንዳችን ስንሰበር ግን ሌላችን ነን የምንሠራው።

የኋላ እግሯ እንዲህ ነው። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ደረቅ ብረት ተያይዘዋል። ቃሬዛ የተሸከሙ ሁለት ሰዎች አስቡ። አንዱ ጉድጓድ ሲረግጥ ሌላውም ያዘማል፤ ቃሬዛው ላይ የተኛው ይንገላታል።

ሌላ ዓይነት መኪና አለ። መሃል ላይ ያለው ዱባ የሚያክለው ብረት፣ ዲፈረንሻል የሚሉት፣ ከመኪናው ሆድ ጋር ታስሮ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ጎማዎቹ ግን ግራው ለብቻው፣ ቀኙ ለብቻው ይወጣል ይወርዳል። አንዱ ሲወድቅ ሌላው አይሰማም። የተሳፈረውም አይሰማም።

ያኛውን አውልቀን ይህንን ስናስገባላት ነው ታሪኩ። ሌላ ታሪክ የለውም።

አለው።


4

መርዕድ ሹፌር ነው። «ነበር» አልልም፤ ብል ይሰማኛል፣ ጆሮው አልታመመም።

ክረምት ሊገባ ሲል የጣሪያውን ቆርቆሮ ሊመታ ወጥቶ ወደቀ። አከርካሪው ላይ ብረት አስገቡለት። ይቆማል። በዱላ ከአልጋው እስከ ግቢው በር ይሄዳል። የማይችለው መናጥን ነው። «ብረቱና አጥንቱ መሰዳደብ ይጀምራሉ» ይላል። ከሆስፒታል በባጃጅ ስናመጣው ነጠላዬን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ እየነከሰ ነው የመጣው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከግቢው በር አልወጣም።

መንዳቱን እኔ እነዳለሁ። ያስተማረኝ ራሱ ነው፤ ደቻቱ ደረቅ በሆነ ጊዜ አሸዋው ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ «ፍሪሲዮን! አንቺ ሴት፣ ፍሪሲዮን!» እያለ።

አሁን የሚወጣ ከሆነ ኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብሎ ነው። በገዛ መኪናው ኋላ ወንበር ተቀምጦ አያውቅም። አንድም ቀን።


5

(ስልኩን ድምፁን ለቆ ነው የሚያወራው። ሰርቄ አልሰማሁም። እታለም ታላቅ እህቱ ናት፣ ሐረማያ ነው ያለችው።)

እታለም፦ አለህ?

መርዕድ፦ አለሁ እታለም።

እታለም፦ ካለህ ለምን አትመጣም?

መርዕድ፦ ሥራ በዛብኝ።

እታለም፦ ድሮም ሥራ ነበረህ። በየሳምንቱ ትመጣ ነበር።

መርዕድ፦ …

እታለም፦ መኪናዋ ታመመችብህ እንዴ?

መርዕድ፦ አዎ። እሷ ናት። የኋላ እግሯን አሟት ነው።

እታለም፦ አሳክማታ!

መርዕድ፦ እሺ።

እታለም፦ እኔ ከአልጋ አልወርድም። ዓይኔም እምቢ ብሏል። ስትመጣ በእጄ ነው የማይህ።

መርዕድ፦ እሺ እታለም።

እታለም፦ አኮረፍከኝ?

መርዕድ፦ ኧረ ምን በወጣሽ!

እታለም፦ እንጃ። እንዲህ ያለ ሥራ አላውቅም።


6

መውደቁን አልነገራትም። ሁሉም ዘመድ ያውቃል፤ እንዳይነገራት ያስማለን እሱ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱን በጀርባዋ አዝላ ከገለምሶ ያመጣችው፣ ራሷም ልጅ ሆና፣ እታለም ናት። አሁን እሷ መውረድ አትችልም፣ እሱ መውጣት አይችልም፤ መሃላቸው ደንገጎ ነው፣ ያ ሁሉ ዳገት። እሷ የምታውቀው ግን ወንድሟ እንደረሳት ነው። እንዲህ ብላ እንዳትሞት ነው የፈራሁት። እሱም ይህንኑ ፈርቷል፤ አይናገረውም እንጂ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግድግዳ ያያል።

እኔ የተባልኩትን የምሰማ ሰው ነኝ። የኋላ እግሯን አሟታል አለ። አሳክማት ተባለ።

ላሳክማት ተነሳሁ።


7

«ረመዳን፣ ይቺን መኪና እንደ አልጋ ማድረግ ይቻላል?»

«ፍራሽ ጫኚባት።»

«አትቀልድብኝ። የማትናጥ ማድረግ።»

ረመዳን በቦኖ ውሃ እጁን እየታጠበ አሰበ። በእኛ ሰፈር ከሱ በላይ ፔጆ የሚያውቅ የለም፤ እሱም ይህን አይደብቅም። «የ504ን የኋላ እግር ብናገኝ» አለ። «እሱ ለየብቻ የሚረግጥ ነው። አይገጥምም አልልሽም። ሆዷን መቅደድ አለብን፣ ማሰሪያ መበየድ አለብን፣ መሃል ያለውን ቧንቧ ቶርኖ ቤት ወስደን ማስቆረጥ አለብን። ከተቀደደች ደግሞ አራት መቶ አራት አትባልም፣ አምስት መቶ አራትም አትባልም።»

«ምን ትባላለች?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ፤ ያንቺ ናታ!»

504ቷ ተገኘች። አፍንጫዋን ከባድ መኪና የበላት፣ አንድ ግቢ ጥግ የተጣለች። ነገር ግን ኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ታቅፋለች። የግቢው ባለቤት አሮጊት «ሳትፈለፍል መኪናዋን የሚነካ የለም» አለች። ረመዳን ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ትክክል ናት። ጠበቅን። ዶሮዋ ፈለፈለች፤ የታቀፈችበትን ወንበር በነጻ አዲስ ልብስ አለበስኩላት፣ ለአሮጊቷ በረንዳ።

በምን ገዛሽው የምትሉ ትኖራላችሁ። እለፉት።


8

መርዕድ የሰማው ከእኔ አይደለም፤ ከጎረቤት ነው።

«ሴትዮዋ መሐንዲስ ሆናለች አሉ።»

«ሆኛለሁ።»

«መኪናዬን ልትቀድጃት ነው አሉ።»

«ትንሽ።»

«አስኩ፣ ሰው ትንሽ ይቀደዳል?»

«አንተን ቀድደው ብረት አላስገቡብህም? መርዕድ አይደለህማ ታዲያ!»

እጁን ጀርባው ላይ አሳረፈና «ለየብቻ መሄድ ያማረሽ አንቺ ነሽ፣ በጎማ አታሳብቢ» አለ። ሊያስቀኝ ነው የፈለገው። ሳቅሁለት።

«ከተሠራች ትሄዳለህ?» አልኩት።

«አንድ ጊዜ እሞክርልሻለሁ። አንድ ጊዜ።»


9

ጆንያው ላይ፦

የቀኝ ጎማ። የግራ ጎማ።

ሞላዎቹ፣ ዝገት የበላቸው። ሞላ የምለው ያንን እንደ እባብ የተጠመዘዘውን፣ መኪናውን ተሸክሞ የሚዋልለውን ብረት ነው። በጥምዝምዙ መሃል የተወተፈ የጎማ ቁራጭ አለ፤ ከከባድ መኪና ጎማ በቢላ የተቆረጠ።

የማያልቅ ዳዶ።

ረጅሙ ደረቅ ብረት። ለሁለት ተሸክመነው አወጣን፤ ለካስ እሱም ቃሬዛ ያህል ነው።

አንድ ሳንቲም፣ የንጉሡ ጊዜ፣ ከአንበሳ ጋር። ወንበር ሥር ተወሽቆ የኖረ። ረመዳን እሱንም ቁጥር ጻፈበት።


10

መበየዱን አይቼዋለሁ፤ ብርሃኑን በነጠላ ከልዬ። ቶርኖ ቤት ቧንቧው ሲቆረጥ ቆሜያለሁ። ማሰሪያው ሆዷ ላይ ሲያዝ፣ ዲፈረንሻሉ ሲንጠለጠል፣ በክሪክ ሲገፋ፣ ሲጠብቅ፣ አምፖሉን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።

ሞላዎቹ ሲገቡ ግን አልነበርኩም። ወንበር እሰፋ ነበር።

ወንበሩን ለሱ ነው የሰፋሁት። ስፖንጅ በስፖንጅ ላይ፣ በላዩ ጥጥ፣ በጥጡ ላይ ልስልስ ጨርቅ፤ ጠርዙን እንደ ጋቢ ጥለት አስጌጥኩት። ረመዳን ሲያየው «አስካለ፣ ሙሽራ ልትጭኚ ነው?» አለ።

«አዎ።»

«ዕድለኛ ነው ወላሂ። የእኔዋ አሮጌ ሶፋ ላይ ነው የምትጥለኝ።»


11

ደቻቱ ላይ ሞከርናት። ረመዳን ነዳ፣ እኔ ኋላ ተቀመጥኩ። ኮብልስቶኑን አለፍን፣ አሸዋው ውስጥ ወረድን፣ ድንጋዩን ወጣን።

«እንዴት ነች?»

«ሐር!» አልኩት።

ሐር ያልኩት ምን እንደነበረ ቆይቶ ነው የገባኝ።


12

ጀርባው የታመመ ሰው መኪና ውስጥ እንዴት ይገባል?

መጀመሪያ በሩን ክፈቺ፣ ከዚያ ዞር በይ። ሰው እያየው አይገባም።

ፊቱን ወደ ውጭ ያድርግ። በጀርባው ይጠጋ። ይቀመጥ። አትያዢው፤ ካልጠራሽ አትያዢው።

እግሮቹን አንድ ላይ ያስገባ።

በጎኑ ጋደም ይበል። ትራሱን ከጉልበቶቹ መሃል ስጪው።

አሁን የሚል ነገር አለው። ይበል። «ከዚህ ሆኖ መንገድ አይታይም» ሊል ይችላል። መንገዱን አይደለም የሚፈልገው፤ መሪውን ነው።

በሩን ቀስ ብለሽ ዝጊ።


13

ከግቢያችን በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ኮብልስቶን ነው፤ መሃሉ ላይ የውሃ ቧንቧ የቀበሩበት ቦይ አለ፣ በደንብ ያልተደፈነ።

እንቁላል እንደጫንኩ ነዳሁ። ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ወጥቷል። መርዕድ እንኳን በመስኮት እጁን አውጥቶ ለአንዱ ሰላምታ ሰጠ። ቦዩ ጋ ደረስኩ። የፊቱ ጎማ ገባ፣ ወጣ።

የኋላው።

ጓ።

እጁ የተቀመጥኩበት ወንበር ጀርባ ላይ መጥቶ ጨርቁን ጨበጠ፤ የሰፋሁት ስፌት ሲተረተር ሰማሁት።

«መልሺኝ» አለ።

አስፋልቱ ይታየኝ ነበር።


14

«ሞከርኩልሽ?»

«ሞክረሃል።»

«አንድ ጊዜ አልኩ?»

«ብለሃል።»

«በቃ እንግዲህ። ረመዳንን አመስግኚልኝ። መኪናዬን ደህና አድርጎ ቀድዷታል።»


15

እዚህ የነበረውን አውጥቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ እሱም ያለው አለ፣ እኔም ያልኩት አለ። ደግመን ስለማንለው አልጽፈውም።



ቦታውን ግን አልዘጋሁትም፤ እንደነበረ እንድታውቁ።


16

በማግሥቱ መኪናዋን ጋራዥ ወስጄ አቆምኳት፤ አልሠራም፣ አልሰፋም፣ ዝም ብዬ አያታለሁ።

የሰፋሁትን ወንበር አየሁት። ያን ሁሉ ስፖንጅ። ወንበር የምሰፋ ሴት ነኝ፤ ስፖንጅ ምን እንደሚሠራ የማውቀው እኔ ነኝ። ስፖንጅ ይሸነግላል። ደንበኛ ሞላው የሞተ መኪና ይዞ ሲመጣ «ወፈር አድርጊለት» የሚለኝ እኮ ለዚህ ነው። ደቻቱ ላይ «ሐር» ያልኩት መኪናዋን አልነበረም። ስፌቴን ነው። በኔ ወፍራም መቀመጫ ላይ ደግሞ ሌላ ወፍራም ጨምሬ!

ወንበሩን ነቅዬ አወጣሁት።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አለ ረመዳን።

«ንዳ።»

ባዶው ላሜራ ላይ ተቀመጥኩ። ነዳ። የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ጥርሴ ተጋጨ። ሁለተኛው ላይ ራሴ ጣሪያ ነካ።

«ቁም!»

አቆመ። ወርጄ አሸዋው ላይ ተኛሁ፤ ቀሚሴ ምን ሆነ አላልኩም። ከሥር አየሁ። ለየብቻ የሚረግጡት እግሮች ቆንጆ ሆነው ተሰቅለዋል። ሞላዎቹ ተቀምጠዋል። በጥምዝምዛቸው መሃል፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ በቢላ የተቆረጠ፦

ጎማ።


17

እኔ፦ ይሄ ምንድነው?

ረመዳን፦ (ተንበርክኮ አየ። ቆቡን አወለቀ።) ያ ረቢ!

እኔ፦ ማን አስገባው?

ረመዳን፦ እኔ።

እኔ፦ ለምን?

ረመዳን፦ እኔ አላስገባሁትም።

እኔ፦ አሁን አስገባሁ አልክ!

ረመዳን፦ እጄ ነው አስካለ። ወላሂ እጄ ነው። ሞላ ሲይዝ ጎማ ያስገባል። ያለ ጎማ ፔጆ ገጥሜ አላውቅም።*

እኔ፦ ለማላላት ሆዷን ቀደድን እኮ!

ረመዳን፦ አዎ።

እኔ፦ ከዚያ በጎማ አደረቅናት።

ረመዳን፦ አብሽሪ። ውጪልኝ ከዚያ፤ አሁኑኑ አወጣዋለሁ።

* በእኛ አገር ፔጆ እንዲህ ነው። ሰው ተደራርቦ ይሳፈራል፤ በላዩ ድንች፣ ሽንኩርት፣ አንዳንዴም በግ ይጫናል። ኋላዋ መሬት እንዳይልስ ሞላው መሃል የጎማ ቁራጭ ይወተፋል። ከዚያ አትወርድም፣ አትላላም። ኋላው የተቀመጠ ታክሲ መንዳት ውርደት ነው። በሰፈራችን ጎማውን ከሁሉ አብዝቶ ያስወተፈው ማን እንደነበረ ልንገራችሁ? «የኔ ፔጆ ሃያ ሰው ቢጫንባት ጭራዋን አትጥልም» የሚለው? ባሌ ነው።


18

ጎማው ወጣ።

መኪናዋን ከግንቡ ፊት አቆምናት። ግንቡ ላይ ደቻቱ የሞላ ዓመት ጎርፉ የተወው ቡናማ መስመር አለ። ብዙ ቀለም ተቀብቶበታል፣ ተመልሶ ይወጣል። እኔ መሪው ጋ ነበርኩ። ከፊት ኮፈኑ ጫፍ በላይ መስመሩ ይታየኛል።

ረመዳን ኋላ ገብቶ ተቀመጠ።

ኋላዋ ወረደ። አፍንጫዋ ቀና አለ። ኮፈኑ ወጥቶ መስመሩን ሸፈነው።

«ውረድ» አልኩት። ወረደ። መስመሩ ተመለሰ።

«ግባ።» ተሸፈነ።

«ውረድ።»

«አቦ ምን ሆነሻል፣ መጫወቻ አደረግሽኝ!»

እንዲህ ስትሆን አላውቃትማ! ድሮ ሃያ ሰው ቢገባባት የማይሰማት፣ አሁን እጅህን ብታሳርፍባት ታውቃለች።

ረመዳን እየነዳ፣ እኔ ላሜራው ላይ ተቀምጬ ደቻቱን አለፍን። ድንጋዩን ጎማው አየው እንጂ እኔ አላየሁትም።


19

እታለም፦ ማነህ?

መርዕድ፦ እኔ ነኝ። መርዕድ።

እታለም፦ መኪናዋ ዳነች?

መርዕድ፦ …

እታለም፦ መርዕድ?

መርዕድ፦ እየታከመች ነው።

እታለም፦ እኔ ብዙ የምቆይ አይመስለኝም። ለጎረቤት አትንገር።

መርዕድ፦ እንዲህ አትበዪ።

እታለም፦ ያደረግሁህ ነገር ካለ ንገረኝ። ሳስበው አጣሁት።


20

ከዚያ ስልክ በማግሥቱ ጠዋት መኪናዋን በራችን ላይ አምጥቼ አቆምኩ። ወንበሩን መልሻለሁ፤ ስፖንጁን ግን ቀንሼዋለሁ፣ መኪናዋ ራሷ ትናገር ብዬ። የኋላ በሯን ከፈትኩ። ና አላልኩትም። ማሩን፣ ዳቦውን፣ ለእታለም የገዛሁትን ሻሽ ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። የሚሄድ ሰው እንደሚያደርገው።

በዱላው ወጣ። ወደ ተከፈተው በር አልሄደም። ዞሮ ወደ ኋላዋ ሄደ። ዱላውን ግንቡ ላይ አስደገፈ። ሁለት እጁን የዕቃ ማስቀመጫው ክዳን ላይ አድርጎ ተጫናት።

ወረደች። ቆየች። ቀስ ብላ ተመለሰች።

«ጭራዋን ጣለች» አለ።

«ጣለች።»

«ጎማውን አወጣችሁት?»

ዞር ብዬ አየሁት። «ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል! እኔ ነኝ አይደል ያስወተፍኩት ዕድሜዬን ሙሉ። ያን ቀን ቦዩ ጋ ስትደርሽ ነው ያወቅሁት።»

«አውቀህ ነው ዝም ያልከው?»

ክዳኑ ላይ ያለውን አቧራ በመዳፉ ጠረገ። ደግሞ ጠረገ።

«መርዕድ።»

«እታለም ሰላም ስትለኝ» አለ «ትከሻዬን አይደለም የምትይዘው። ታውቂያታለሽ። እጇን ጀርባዬ ላይ ነው የምታደርገው፣ ከላይ እስከ ታች ታሻሸዋለች። አሁንም የታዘልኩ ይመስላታል። ዓይኗ ቢያይ ይሻል ነበር፤ ዓይንን ጋቢ ይከልለዋል። እጇን በምን ልከልለው? ብረቱን ታገኘዋለች አስኩ። ጠባሳውን በጣቷ ታገኘዋለች።»

«ታግኘዋ።»

«ታለቅሳለች።»

«ታልቅሳ! ምን ይደረግ? እሷም ታለቅሳለች፣ አንተም ታለቅሳለህ፣ ከዚያ ሻይ ትጠጣላችሁ። አሁን ምን እያደረገች መሰለህ? ምን አድርጌው ይሆን እያለች ነው እኮ የተኛችው!»

ጎረቤታችን በር ላይ ወጥታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት በዓይኔ አስገባኋት።

«ደንገጎ ላይ» አለ መርዕድ «ጠመዝማዛው ጋ በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚወጣው። በሦስተኛ እንዳትሞክሪ።»

«እሺ።»

«ልሄድ ነው አላልኩም።»

«እሺ አልኩህ እኮ።»


21

መሪው ጋ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሰው እያየው አይገባም፤ እኔም ሰው ነኝ። መስታወቱን ወደ ጣሪያው አዞርኩት። ሞተሩን አላስነሳሁም። ባስነሳ መቸኮል ይመስላል።

ከኋላ ዱላው መኪናዋን ሲነካት ሰማሁ። ዱላውን ሲያስደግፍ ይሁን ሲያነሳ በድምፅ አይለይም።

በእኛ በር ፊት ለፊት ባለው ግንብም ላይ ያው የጎርፍ መስመር አለ። ዓይኔን ከፊት ኮፈኑ ጫፍ ላይ አላነሳሁም። ከጫፉ በላይ መስመሩ ይታያል፤ ቡናማ፣ እንደ ክር የቀጠነ።

ይታያል።

ይታያል።

ኮፈኑ ቀና አለ


22